በእጄ የምነፋውን ብርጭቆ ፋብሪካ ሊያመርተው ነው፤ የአውራ ጣቷን ጎድጓዳ ምን ላድርጋት?

ነፊው
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡10

ሰላም ለሁላችሁ። ዓለም ገና፣ ከአስፋልቱ ገባ ብላ ባለች ግቢ ውስጥ ብርጭቆ እነፋለሁ። ሰባት ዓመት ሆነኝ። ቆራሌዎች ጠርሙስ ያመጡልኛል። አጥባለሁ፣ እሰብራለሁ፣ በተቃጠለ ዘይት አቀልጣለሁ፣ እነፋለሁ። የምሠራው ሦስት ዓይነት ዕቃ ነው፤ የማኪያቶ ብርጭቆ፣ ብርሌ እና የአረቄ መለኪያ። ሦስቱም አረንጓዴ ጣል ያለባቸው ናቸው። ቀለም ጨምሬ አይደለም፣ ብርጭቆው ውስጥ ያለው ብረት ነው።

ችግሬ የመጣው ከደግ ነገር ነው። አንድ ባለ ካፌ 30 የማኪያቶ ብርጭቆ ገዝቶኝ ነበር። ደንበኞቹ ወደዱት። አሁን ለሦስት ቅርንጫፎቹ 1,200 አዘዘኝ። እኔና ረዳቴ በቀን ብናወጣ 25 ነው፤ እሱም መብራት ካልጠፋ።

ስለዚህ አንድ ፋብሪካ ሄጄ አናገርኩ። ስሙ ይቅር። የተቀበለኝ ልጅ ብርጭቆዬን አገላብጦ አየና «ሥዕሉን አምጣ» አለኝ። ምን ሥዕል? እጄ ነው ሥዕሉ። ከዛ የወሰድኩለትን አምስቱንም ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ በካሊፐር ለካቸው። አምስት ብርጭቆ፣ አምስት ቁመት። አጭሩ 82 ሚሊሜትር፣ ረዥሙ 89። «ያንተ ብርጭቆ የቱ ነው?» አለኝ። መልስ አጣሁ። እስካሁን ይከነክነኛል።

ሌላው ጎድጓዳዋ ናት። ብርጭቆው ገና ትኩስ እያለ በረጠበ እንጨት ጎኑን አንዴ ጫን አደርገዋለሁ። ሰው ሲያነሳው ሳያስበው አውራ ጣቱ እዛ ላይ ያርፋል። ባለ ካፌውም የወደደው እሷን ነው። ፋብሪካው ግን «ይቺ ትቅር፣ ሆዱም ይስተካከል» አለ። ሆዱ መሃል ላይ ትንሽ ገፋ ያለ ነው።

እስቲ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ። ምኑን ልተው፣ ምኑን ልያዝ?

ቶርኖ ቤት ቃሊቲ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡55

ወንድሜ፣ ልጁ ክፉ አላለህም። የማሽኑን ጠባይ ነው የነገረህ።

ተጭኖ የሚሠራ ብርጭቆ እንዲህ ነው። የቀለጠው ሴቷ ሞልድ (ቅርጽ ማውጫ) ውስጥ ይወድቃል። ወንዱ ከላይ ወርዶ ይጫነዋል። ከዛ ተመልሶ ይወጣል። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ወንዱ መውጣት አለበት። ሆዱ ከአፉ ከሰፋ እዛው ተቀርቅሮ ቀረ። ስለዚህ ውስጡ ከታች ወደ ላይ ትንሽ ትንሽ እየሰፋ መሄድ አለበት። ሁለት ሦስት ዲግሪ ይበቃዋል። የፈረንሳዩን ዱራሌክስ፣ ያንን ፒካርዲ የሚባለውን አይተህ ከሆነ፣ ከ1954 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ብርጭቆ ነው፣ ወደ ላይ እየሰፋ የሚሄደው ለውበት ብቻ እንዳይመስልህ።

መለኪያህ ይጫናል። ማኪያቶው ሆዱን ካልተውክ አይጫንም። ብርሌ በጭራሽ አይታሰብም።

ያልተጫነ ይነፋል። አንደኛው መንገድ ለሁለት የሚከፈት ሞልድ ውስጥ ሳያዞሩ መንፋት ነው። የፈለግከው ቅርጽ ይወጣል፣ ጎድጓዳህም ትወጣለች። ግን ሞልዱ የሚጋጠምበት መስመር ብርጭቆው ላይ ይቀራል። የለስላሳ ጠርሙስ ጎን በጥፍርህ ዳስስ፣ ታገኘዋለህ። ሁለተኛው ረጥቦ የሚሠራ ሞልድ ውስጥ እያዞሩ መንፋት ነው። መስመሩ ይጠፋል፣ ላዩ ያምራል። ችግሩ የሚዞር ነገር ክብ ብቻ ነው የሚወጣው።

እንግዲህ ወይ መስመር ከነጎድጓዳው፣ ወይ ጥርት ያለ ከነክቡ። ሁለቱን ባንዴ የሚሰጥህ ሞልድ እኔ አላውቅም።

ስም አልባ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡02

1,200 ብርጭቆ ታዘህ «ጎድጓዳዬ» ትላለህ እንዴ? ጣላትና ብርህን ቁጠር። መርካቶ የቻይናው በስንት እንደሚሸጥ አታውቅም?

ነፊው
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡15

አውቃለሁ። እኮ ለዛ ነው ያልጣልኳት። እሷ ከቀረች የኔም የቻይና ብርጭቆ ነው፣ ያውም የተወደደ።

ባሪስታው
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡30

ከማሽኑ ጀርባ የቆመ ሰውም ይሰማ።

ስለ ጎድጓዳው ደንበኛው ይፈርድ። እኔን የሚያሳስበኝ ቁመቱ ነው። ሁለት ብርጭቆ ጎን ለጎን አድርገን ነው ከቡና መውረጃው ስር የምናስገባው። የኛ ማሽን 85 ይቀበላል፣ 89 አይገባም። ማዘንበል አለብህ፣ ስታዘነብል ይፈሳል። ባለ ካፌህ 30 ብርጭቆ ይዞ ይሄን ችሎት ይሆናል፤ በ1,200 ግን ባሪስታዎቹ ይረግሙሃል።

ሌላ ደግሞ መደራረብ አለ። ብርጭቆ ታጥቦ አንዱ አንዱ ውስጥ ይገባል። እርጥብ እያለ ከገባ ተጣብቆ አይወጣም። ፍልቅቅ ስታደርገው አፉ ይሰነጠቃል። ሆድ ያለው ደግሞ ጭራሽ አይደራረብም፣ መደርደሪያ ይጨርሳል። እኔ ብሆን ሆዱን ትንሽ ቀንሼ ከታች የሚያርፍበት ደረጃ አበጅለት ነበር።

ውፍረቱን ግን እንዳትነካ። ወፍራም ቂጥ ያለው ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ የሚያሰማው ድምፅ ሌላ ነው።

እትዬ ብርሌ
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡40

ልጄ፣ እኔ ሰበታ ጠጅ እሸጣለሁ። ልጄ ናት ይሄን ያሳየችኝ፣ እሷው ትጽፍልኛለች።

ስለ ማኪያቶ አላውቅም። ስለ ብርሌ ግን ልንገርህ። በአሁኑ ጊዜ የሚመጣው ብርሌ ቀላል ነው፣ እንደ ላባ። የሞላ ሲሆን ይቆማል፣ ሲጋመስ ክንድ ሲነካው ይወድቃል። የድሮው ከታች ከበድ ይል ነበር። አንገቱ ደግሞ ከጠበበ ብሩሽ አይገባም። ውስጡ ላይ የጌሾ ቅሪት ይይዝና ቡናማ ይሆናል። ሰው አይቶ ዝም ይላል፣ ሁለተኛ ግን አይመጣም። አንገቱ በጣም ከሰፋ ደግሞ ዝንብ ይገባል፣ ጠጁም ሽታው ያመልጣል።

ስንጥቅ ያለውን እኔ አላስቀርብም። ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ ያሉት ወደው አይደለም። ከንፈር ይቆርጣል።

እና ጎድጓዳህ በየትኛው በኩል ነው? ግራኝ ደንበኛ ምን ያድርግ?

ነፊው
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡05

እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግራኙ ብርጭቆውን ያዞራል፣ እጀታ የለውም። የብሩሹን ነገር ግን በሰባት ዓመት አንድ ሰው ነግሮኝ አያውቅም። ሰው ሲገዛኝ ብርሌውን ወደ ፀሐይ ያነሳል እንጂ ወደ ውስጥ አያይም።

ቶርኖ ቤት፣ የእንጨት ሞልድ ሞክሬ ነበር። የውጭዎቹ እንደ ፒር ካሉ የፍራፍሬ ዛፎች ይቀርጻሉ፣ ውሃ ውስጥ ነክረው። እኔ በዋንዛ ሠራሁ። የመጀመሪያዎቹ 20 ቆንጆ ወጡ። ወደ 40 ስንደርስ ውስጡ ከስሎ ቅርጹ ሰፍቶ ነበር። ባሕር ዛፍም ሞከርኩ፣ በሁለተኛው ቀን ለሁለት ተሰነጠቀ።

የኬሚስትሪ መምህር
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡30

ጥሩ ውይይት ነው፣ ልግባ።

የ82ና የ89 ልዩነት የሚመጣው ከእጅህ መንቀጥቀጥ አይደለም። በቧንቧው ከምድጃ የምታወጣው የቀለጠ መጠን ስለሚለያይ ነው። ሞልድ ስታስገባ ቁመቱ ይስተካከልልሃል፣ ግን ችግሩ ወደ ውስጥ ይገባል። የጠርሙስ ብርጭቆ አንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትሩ 2.5 ግራም ያህል ይመዝናል። ሞልዱ ውጩን ስለወሰነው 10 ግራም ከበዛ የውስጡ መያዣ በ4 ሚሊሊትር ያንሳል። ማኪያቶህ 120 ሚሊሊትር ከሆነ፣ በ20 ግራም ከተሳሳትክ 8 ሚሊሊትር ወተት ሄደ። ባለ ካፌው በዓይኑ አያየውም፣ በወሩ መጨረሻ ግን ያየዋል። ስለዚህ የወጥ ቤት ሚዛን ግዛ። ቁመትን ለሞልዱ ተወው፣ አንተ ክብደት ላይ ፍረድ።

ሁለተኛው ማቀዝቀዣው ነው፣ የተነፋው ብርጭቆ ቀስ እያለ የሚበርድበት ምድጃ። የጠርሙስ ብርጭቆ 550 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ተይዞ ከዛ ቀስ እያለ መውረድ አለበት፣ በተለይ እስከ 450 ድረስ። ባሪስታው ወፍራም ቂጥ ይወዳል። ይውደድ። ግን ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ማቀዝቀዣው አራት እጥፍ ቀስ ማለት አለበት። ግድግዳው 3 ሚሊሜትር፣ ቂጡ 9 ከሆነ ፕሮግራምህን የምታወጣው በ9ኙ ነው። ያለዚያ ብርጭቆው ለሳምንት ደህና ይሆንና አንድ ቀን የፈላ ወተት ሲነካው ለሁለት ይከፈላል።

ያለ ላብራቶሪ መፈተሽ ትችላለህ። ኤልሲዲ ስክሪን ያለው ላፕቶፕ ላይ ባዶ ነጭ ገጽ ክፈት። ፖላራይዝድ የሆነ (ነጸብራቅ የሚቀንስ) የፀሐይ መነጽር ውሰድና ስክሪኑ እስኪጠቁር አዙረው። አሁን ብርጭቆውን በመሃል አስገባ። ጥቁር ሆኖ ከቀረ ሰላም ነው። ቂጡ ዙሪያ ነጭ ብርሃን ካየህ ውስጡ ውጥረት አለ፣ መልሰህ አሙቀው።

ነፊው
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡20

መምህር፣ አሁኑኑ ሞከርኩት። የሚስቴ መነጽር ፖላራይዝድ ሆኖ ተገኘ። ያለፈው ወር መብራት ጠፍቶ ማቀዝቀዣው ሌሊት በአንዴ የወረደበት ዙር አለኝ፤ 22 ብርጭቆ፣ ደህና ናቸው ብዬ መደርደሪያ ላይ ያስቀመጥኳቸው። አንዱን በስክሪኑ ፊት ያዝኩት። ጎድጓዳዋ ዙሪያ እንደ ጨረቃ ግማሽ ክብ ነጭ ብርሃን። ሌሎቹንም አየሁ፣ አንድም ንጹሕ የለም። ልሸጣቸው ነበር እኮ!

አንድ ጥያቄ ልጨምር። አንዳንዴ ብርጭቆው ውስጥ የጤፍ ፍሬ የምታክል ክብ ግራጫ ነገር ትቀራለች፣ ዙሪያዋ በኋላ ይሰነጠቃል። ምንድን ናት?

የኬሚስትሪ መምህር
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡10

ክዳኑ ነው። ጠርሙሱ አንገት ላይ የአሉሚኒየም ቀለበት ቀርቶ አብሮ ይቀልጣል። አሉሚኒየሙ ከሲሊካው፣ ማለትም ከብርጭቆው ዋና ንጥረ ነገር፣ ኦክስጅን ይነጥቅና የሲሊከን ጠብታ ይተዋል። ሲቀዘቅዝ ከብርጭቆው እኩል ስለማይኮማተር ይሰነጥቀዋል። ቆራሌዎቹን ቀለበቱን ነቅላችሁ አምጡ በላቸው፣ ትንሽ ጨምርላቸው።

ቡናማውን ቢራ ጠርሙስ ከነጩና ከአረንጓዴው ጋር አትቀላቅል። በውስጣቸው ያለው የሰልፈር ዓይነት ስለሚለያይ እንደ ጠላ አረፋ ይደፍቃል። የድሮ ቴሌቪዥን ስክሪን ደግሞ በነጻ ቢሰጡህም በርህን ዝጋ። ከጀርባው ያለው ብርጭቆ እርሳስ አለበት፣ ሰው የሚጠጣበት ዕቃ አይሆንም።

ከናይሮቢ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4፡00

እዚህ ናይሮቢ ዳር ኪተንጌላ የሚባል ቦታ ከመስኮት መስታወት ስብርባሪ ብርጭቆ ይነፋሉ፣ ሄጄ አይቻለሁ። ገዢው ሁለቱ ብርጭቆ እኩል አለመሆናቸውን አውቆ ነው የሚገዛው። ነፊው ባለ ካፌውን ማሳመን አይችልም? «ይሄ በእጅ የተሠራ ነው» ብሎ።

ሌላ ነገር። እናንተ ያላችሁበት ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፣ አየሩ በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ዝቅተኛ ቦታ በተጻፈ መመሪያ ማቃጠያ የምትሠራ ከሆነ ብሎወሩን (አየር መንፊያውን) ከፍ አድርገው። ነበልባልህ ቢጫ ሆኖ የሚያጨስ ከሆነ ለዛ ሊሆን ይችላል።

ባሪስታው
ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡20

«በእጅ የተሠራ ነው» ማሽኑ ስር አያስገባውም ወዳጄ።

ያረጀ መጽሐፍ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡45

ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ። ስለ ቀይ ባሕር ንግድ የጻፈው የመጀመሪያው ክፍለ ዘመን ግሪካዊ ነጋዴ ወደ አዱሊስ የሚገቡ ዕቃዎችን ሲዘረዝር ብርጭቆን ይጠቅሳል። አክሱም ውስጥም ከመቃብሮች የብርጭቆ ዕቃ ተቆፍሮ ወጥቷል። ከዛ ቀደም ብሎ ነው በሶርያና ፍልስጥኤም ዳርቻ ሰው በቧንቧ መንፋት የጀመረው። እና ታዲያ ምን ለማለት ነው? በ2,000 ዓመት ውስጥ ብርጭቆ ሲገባልን ኖሯል። አሁን አንድ ሰው ዓለም ገና ላይ ይነፋል፣ እናንተ ደግሞ ጎድጓዳውን ጣል ትሉታላችሁ።

ለነገሩ ሞልድ ሁሉ ነፍስ ይገድላል የሚባለውም ልክ አይደለም። ፊንላንዳዊው አልቫር አልቶ በ1936 እ.ኤ.አ. የነደፈው ያ እንደ ሐይቅ ዳር የሚጠማዘዝ የአበባ ማስቀመጫ በመጀመሪያ በእንጨት ሞልድ ነበር የሚነፋው፣ በኋላ ወደ ብረት ሞልድ ዞረ። እስከ ዛሬ ይሸጣል።

ስም አልባ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡50

መጽሐፉን ዝጋና ተኛ 😄

ቶርኖ ቤት ቃሊቲ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡30

ሁለት ቀን ሳስብበት ነበር። ሰኞ ሁለቱን ባንዴ የሚሰጥ ሞልድ የለም ብያለሁ። እውነት ነው፣ የለም። ግን ጎድጓዳዋ የግድ ሞልድ ውስጥ መወለድ አለባት ያለው ማነው?

ክብ ሞልድ ውስጥ እያዞርክ ንፋው። ቁመቱ፣ ሆዱ፣ የባሪስታው ደረጃ ሁሉ ከሞልዱ ይውጣ። ስታወጣው ገና ትኩስ ነው። እዛው አንዴ በእንጨትህ ጫን። እንጨቱ ላይ ማቆሚያ ሥራለት፣ ሁልጊዜ 3 ሚሊሜትር ብቻ እንዲገባ። አሥር ሰከንድ ነው የሚወስድብህ። ፋብሪካው ይሄን አይሠራልህም፤ አንተ ግን ትሠራዋለህ።

ሞልዱን በጊዛ ብረት እቆርጥልሃለሁ። ውስጡን የተልባ ዘይት ቀብተህ የደቀቀ ሰጋቱራ ነስንስበትና ጋግረው። ውሃ ይይዛል። ትኩሱ ሲገባ እንፋሎት ይሆንና ብርጭቆው ብረቱን ሳይነካ በእንፋሎቱ ላይ ይንሸራተታል። ላዩ የሚያበራው በዛ ነው። በየብርጭቆው ውሃ መርጨት እንዳትረሳ።

ሕግ ቀመስ
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡15

ሞልድ ከመቆረጡ በፊት አንድ ነገር። ቅርጹን በኢንዱስትሪያዊ ንድፍነት አስመዝግብ። አዋጅ ቁጥር 123/1987 ነው። ጥበቃው 5 ዓመት ነው፣ ሁለት ጊዜ አምስት አምስት ዓመት ይራዘማል። ለፋብሪካ ናሙና ሰጥተህ ከመጣህ በኋላ ገበያ ላይ ብታየው የምትከራከርበት ወረቀት ያስፈልግሃል። ብርሌን ማስመዝገብ ግን አትሞክር፣ እሱ የሁላችንም ነው።

ነፊው
ከአምስት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ፣ ከቀኑ 9፡00

ጠፋሁ፣ ይቅርታ። ሥራ ላይ ነበርኩ።

ቶርኖ ቤት ሞልዱን ቆረጠልኝ። ሂሳቡን ሳይጨምር ከረዳቴ ጋር ሁለት ቅዳሜ መጥቶ አብሮን ላበ። የመጀመሪያው ቀን 40 ነፋን፣ 27 አለፉ። ተልባው በደንብ አልተጋገረም ነበር፣ እየተላጠ ብርጭቆው ላይ ጥቁር ነጥብ ይተዋል። ጠርገን እንደ አዲስ ጋገርነው።

አፉ ላይም ሥራ ተቀየረ። ድሮ ቂጡን በሌላ ብረት ይዘን አፉን በእሳት እንከፍት ነበር፣ ሲላቀቅ ከስር ጠባሳ ይቀራል። አሁን ከቧንቧው የሚገናኘውን ትርፍ ከቀዘቀዘ በኋላ ጭረን በቀጭን ነበልባል ዙሪያውን እናስነጥቀዋለን፣ እናስተካክላለን፣ አፉን በእሳት እናለሰልሳለን። ጠባሳ የለም። የሰባት ዓመት ጠባሳዬን እወደው ነበር፣ እውነት ለመናገር። ጠረጴዛ ይቧጭራል ብሎ ባለ ካፌው ነገረኝ፤ ድሮ ሳይነግረኝ ቆይቶ።

አሁን በቀን 70 እንነፋለን፣ 60 ያህሉ ያልፋል። ቁመቱ ከ84 እስከ 86 ነው። የፋብሪካው ልጅ ለጠየቀኝ ጥያቄ መደርደሪያ ላይ ሦስት ብርጭቆ አስቀምጫለሁ። በመሃል ያለው ትክክለኛው ነው። በግራ ያለው የሚያልፈው የመጨረሻ ቀላል፣ በቀኝ ያለው የሚያልፈው የመጨረሻ ከባድ። ባለ ካፌውም ሦስቱ ላይ ፈርሟል። ረዳቴ ሲጠራጠር እኔን አይጠይቅም፣ እዛ ሄዶ ያስተያያል።

ጎድጓዳዋ አለች። አንድም ብርጭቆ ያለ እሷ አልወጣም። ግን አንድ ያልጠበቅኩት ነገር አለ። ማቆሚያ ያለው እንጨት ስለሆነ ጥልቀቷ አንድ ነው፣ ቦታዋ ግን እንደ እጃችን ነው። የረዳቴ ትንሽ ከፍ ትላለች፣ የኔ ዝቅ። ብርጭቆ አንስቼ ማን እንደሠራው አውቃለሁ። ይሄን አላስተካክልም።

ሆዱን ባሪስታው እንዳለው ቀነስኩት። ይደራረባል።

መለኪያውን ለፋብሪካው ሰጠሁት። ከታች ወደ ላይ ትንሽ አሰፋሁለት፣ ይጫናል። እነሱ ጋ ያለው ብርጭቆ ነጭ ነው፣ አረንጓዴዋ ቀረች። ለመለኪያ ምንም አይደለም፣ አረቄ ራሱ ነጭ ነው። ሕግ ቀመስ፣ ማኪያቶውን ለማስመዝገብ ወረቀቱን አስገብቻለሁ።

800 አስረክቤያለሁ፣ 400 ይቀረኛል።

ባሪስታው
እሑድ፣ ከቀኑ 10፡10

85 ነው 86 የበዛው?

ነፊው
እሑድ፣ ከቀኑ 10፡15

85። 86ቱን ለብቻ እየለየሁ ነው፣ ከፍ ያለ ማሽን ላለው ቅርንጫፍ ይሄዳሉ።

እትዬ ብርሌ
እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡30

እሰይ ልጄ። የኔስ ብርሌ?

ነፊው
እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡42

ቀጥሎ እሱ ነው እትዬ። ቂጡን አክብጄዋለሁ። አንገቱን ግን ሳልቆርጥ አቁሜያለሁ፣ የብሩሽዎን ውፍረት አላውቅም።

እትዬ ብርሌ
እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡50

የቱ ብሩሽ? ሁለት ነው ያለኝ።

ነፊው
እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡51

ሁለቱንም ያስቀምጡልኝ። ቅዳሜ ካሊፐር ይዤ እመጣለሁ።